ዓይን የሚገለጥበት ቀን

አባቴን ከሥራው ያስወጣሁት በሰባት ዓመቴ ነው። ከዚያ ወዲህ በኖርኳቸው ስድሳ አራት ዓመታት ውስጥ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያን ያህል ፍሬ ያፈራ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ያውም በአንዲት ቃል። «ይተኛል» አልኩ፤ በቃ። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይላሉ። እኔ ያቦካሁት ግን ቤተሰባችንን ለብዙ ዓመት አበላው፤ ጎምዛዛ መሆኑ ሳይቆጠር።

ነገሩ የሆነው አንኮበር ላይ ነው። ክፉ ቀን ሊገባ አራት ዓመት ቀርቶት ነበር፤ ከብቱም ገና በየሜዳው፣ ቤተ መንግሥቱም ገና በተራራው አናት፣ ንጉሡም ገና የሸዋ ብቻ ነበሩ። ቤታችን ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ሥር፣ ጉም ያልተጠራ እንግዳ ሆኖ በደጃፍ እየገባ እስከ እኩለ ቀን በሚቀመጥበት ስፍራ ነበር። አባቴ ዘርአ ዳዊት ሠዓሊ ነበር። በዚያ ዘመን ሥዕል ይጻፍ ነበር፤ እንደ መጽሐፍ። ዛሬ «ይነሣል» ይባላል፤ እንደ ወደቀ ዕቃ።

ከጓሯችን አባቴ ሥዕል ቤት የሚላት አንዲት ጎጆ ነበረች። ውስጧ በመጋረጃ ለሁለት ተከፍሏል። ከመጋረጃው ወዲህ የእናቴ የወለተሐና ግዛት ነው፤ የቀለም አፈር ትፈጫለች፣ የቆዳ ሙጫ ታፈላለች፣ የእንቁላል አስኳል ከውኃው ትለያለች። በሁዳዴ እንቁላል የሚሰበርበት ቤት በአንኮበር የእኛ ብቻ ሳይሆን አልቀረም። ጎረቤት ቅርፊቱን አመድ ላይ አይቶ ምን እንደሚል የምታውቀው እናቴ፣ እየሰበረች «ቅዱሳኑ ጾም አይገባቸውም» ትል ነበር፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ አጥር ለአጥር እንዲሰማ። ከመጋረጃው ወዲያ የአባቴ ግዛት ነው። እዚያ፣ በእንጨት ላይ በተወጠረና በሙጫ በተለሰነ ሰፊ ሸማ ላይ፣ ወይዘሮ ይመኙሻል ያዘዘችው ሥዕል ቆሟል።

ወይዘሮ ይመኙሻል ባሏ የሞተባት ባለ ርስት ነበረች፤ በመሬቷ ላይ የማርያም ቤተ ክርስቲያን አሠርታ፣ የመቅደሱን ግድግዳ የሚያለብስ ሥዕል ለአባቴ ሰጥታዋለች። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ ሁለት መላእክት ክንፋቸውን ዘርግተው፣ ከግርጌ ደግሞ ራሷ ወይዘሮ ይመኙሻል በደረቷ ተደፍታ፣ ቀና ብላ ስትማጸን። ልብሱ፣ ጣቱ፣ ክንፉ፣ የወይዘሮዪቱ የእጅ አምባር እንኳ ሳይቀር አልቋል። የቀረው ዐሥር ዓይን ነው።

ዓይን መጨረሻ መሆኑን አባቴ ከመምህሩ የወረሰው ሥርዓት ነበር። ሁሉ ካለቀ በኋላ ሠዓሊው ይጾማል፣ አሠሪው ጧፍ አብርቶ ይመጣል፣ መጋረጃው ይገፈፋል፣ ዓይኑ ይገለጣል። እስከዚያ ድረስ ያለው ነገር ሥዕል ሳይሆን ሸማ ነው፤ ሊሰግዱለትም ሊስሙትም አይገባም። ይህን በቃሌ አውቀው ነበር። ያላወቅሁት፣ ዐሥር ዓይን ለመግለጥ ሰባት ወር ለምን እንደፈጀ ነው።

አላወቅሁም ስል ደግሞ ውሸቴን ነው፤ አውቄያለሁ ብዬ ነበር። መጋረጃው ላይ ብል የበላው ቀዳዳ ነበረ፤ ልክ በእኔ ቁመት። በዚያ አጮልቄ ያየሁት አንድ ዓይነት ነገር ነው፦ አባቴ በርጩማው ላይ ተቀምጦ፣ መዳፎቹን በጉልበቶቹ ላይ አድርጎ፣ ዓይኖቹን ጨፍኖ። ጠዋት ስመለከት እንዲያ፣ ከሰዓት ስመለከት እንዲያ። አንዳንድ ጊዜ ዓይኑን ይገልጥና ከፍየል ጠጉር ያሰረውን ቀጭን ብዕር ያነሣል፤ ወደ ሸማው ያስጠጋዋል፤ ይተወዋል፤ ደግሞ ይጨፍናል። ሌሊት ሲያንኮራፋ ግድግዳው የሚሰማው ሰው ቀን ቀን አለማንኮራፋቱ ጥቂት አሳስቦኝ ነበር፤ ኋላ ግን መልሱን አገኘሁት። ከእናቴ ተደብቆ ነው የሚተኛው አልኩ። ምሥጢሩን ለማንም ሳልነግር በመጠበቄ በራሴ እጅግ እኮራ ነበር። የምሥጢር ጠባቂነቴ ዕድሜ ሰባት ወር ሆነ፤ በዚያ ዕድሜ ረጅም ነው።

አንድ ቀን ከአልዩ አምባ ነጋዴው ረሺድ ወጣ። ረሺድ ጨውና ጥጥ፣ ከሁለቱም የሚከብድ ወሬም ተሸክሞ ዳገቱን የሚመላለስ ሰው ነበር፤ በአንኮበር ደጃፍ ሁሉ የታወቀ። በዚያ ጊዜ ግን በበቅሎው ላይ የጫነው አንድ ጥቁር ሣጥን ነው፤ ከበቅሎው ኋላ ደግሞ የሣጥኑ ባለቤት፣ ፊቱ እንደ በርበሬ የቀላ ፈረንጅ። ስሙ ለሁላችንም አልያዝልን ስላለ «ሙሴው» ብለን ተስማማን። ሣጥኑ የሰውን መልክ ይይዛል ተባለ። ወይዘሮ ይመኙሻል ይህን ስትሰማ አላመነታችም፤ ሰው ሁሉ በግቢዋ እንዲሰበሰብ አዘዘች፣ ለአባቴም አሽከር ላከች።

«ሠዓሊውም ይምጣ ተብሏል» አለ አሽከሩ። «መጥቶ ይማር ተብሏል።»

እናቴ የምትፈጨውን ቀይ አፈር ትታ ቀና አለች። አባቴ ግን ነጠላውን አደግድጎ፣ እጄን ይዞ ወጣ። ለመማር የሚሄድ ሰው ይመስል ነበር፤ እኔም በአባቴ ታዛዥነት ደስ አለኝ።

ጉሙ ገና መነሣቱ ነበር። ሙሴው ሣጥኑን በሦስት እግር አቁሞ፣ ከፊቱ የናስ ዓይን የመሰለ ነገር ከፍቶ፣ ራሱን በጥቁር ጨርቅ ከለለ። እሱም መጋረጃ አለው ማለት ነው አልኩ በልቤ። እሱም ይተኛል ማለት ነው።

«ስንት ቀን ይፈጃል?» አለች ወይዘሮ ይመኙሻል፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ እንደ ተከናነበች።

«ቀን አይፈጅም እሜቴ» አለ ረሺድ። «ወላሂ፣ አቡነ ዘበሰማያት ብለው ጀምረው ሲሳየነ ሳይደርሱ ያልቃል።»

«አንተ ደግሞ አቡነ ዘበሰማያትን ከየት አወቅኸው?»

«ለክርስቲያን ሚዛን የያዘ ሁሉ ያውቀዋል እሜቴ። ሚዛኑ ባዘነበለ ቁጥር ይደግሙታል።»

ሰዉ ሳቀ፤ እሷም ከነጠላዋ ሥር የሳቀች ይመስለኛል። ከዚያ ሙሴው አንድ ነገር ተናገረ። ረሺድ ጎሮሮውን ጠረገ፤ አሁን የሚለው ነገር እንደ ቀልዱ ቀላል አልሆነለትም።

«ክንብንቡን ያውርዱት ይላል። ፊትዎን ይግለጡና ናሱን ትክ ብለው ይዩት። አይንቀሳቀሱ፣ ዓይንዎንም አይጨፍኑ።»

የዚያን ዘመን ወይዘሮ ፊቷን ለቤተ ዘመድና ለአቁራቢ ካህን እንጂ ለአደባባይ አትገልጥም ነበር። ወይዘሮ ይመኙሻል ጥቂት አሰበች። ከዚያም ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ጣለች። አሽከሩ፣ ገበሬው፣ ገረዱ፣ ሁሉም እንደ አንድ ሰው አንገቱን ደፋ፤ ነፋስ የመታው ጤፍ ይመስል ነበር። እኔም ደፋሁ። ግን በጎን ወደ አባቴ አጮለቅሁ፤ ማጮለቅ የለመደ ዓይን አያርፍም።

አባቴ አልደፋም። ከሣጥኑ ኋላ ቆሞ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ጌታ የሆነ ይመስል ፊቷን ይመለከት ነበር። እሷ ናሱን ታያለች፤ እሱ እሷን ያያል። እፍረት ጆሮዬ ድረስ አቃጠለኝ። እጁን ጎተትኩት፤ አልሰማኝም። ዝንብ መጥታ በወይዘሮዪቱ ቅንድብ ላይ ስትዞር አየሁ። ሙሴው የናሱን ክዳን ገጠመ። ረሺድ «አልቋል» አለ። ወይዘሮ ይመኙሻል ተከናነበች፣ ሰዉም አንገቱን አቀና።

በዚያች ቅጽበት አባቴ ዓይኖቹን ጨፈነ። እዚያው በቆመበት።

«ሠዓሊው የት አለ?» አለች ወይዘሮ ይመኙሻል፣ ደስ ብሏት። «አየህ አይደለም፣ ሥራ እንዲህ ነው።»

ሰዉ ወደ እኛ ዞረ። አባቴ ዓይኑን እንደ ጨፈነ፣ ከንፈሩን ገጥሞ፣ በውኃ የተሞላ ቀንድ ዋንጫ የተሸከመ ሰው እንደሚጠነቀቀው ተጠንቅቆ ቆሟል። እሷ ወደ እኔ ተመለከተች።

«አንቺ የዘርአ ዳዊት ልጅ፣ አባትሽ ምን ሆኗል?»

ከዚያ በፊት ወይዘሮ ይመኙሻል እኔን አነጋግራኝ አታውቅም። ክብሩ ራሴን አዞረኝ። ሰባት ወር የጠበቅሁት ምሥጢር ከዚህ የተሻለ ጆሮ እንደማያገኝ ገባኝ።

«ይተኛል፣ እሜቴ።»

«ቆሞ?»

«ቤትም እንዲሁ ነው። መጋረጃውን ዘግቶ ቀኑን ሙሉ ይተኛል።»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። አንዱ አሽከር እንደ በቅሎ ቆሞ መተኛትን የሚያሳይ አኳኋን ሠራ። ሳቁ ለእኔ የተሰጠ ምስጋና መሰለኝ፤ እጅ ነሣሁ። በሳቁ መካከል አባቴ ዓይኑን ገልጦ ቁልቁል አየኝ፤ ፈገግ አለ። ያልሳቀችው ወይዘሮ ይመኙሻል ብቻ ናት።

«ሰባት ወር» አለች፤ ለራሷ እንደምትነግር ዝቅ አድርጋ።

ቤት ስንደርስ ወሬው ቀድሞን ደርሷል። እናቴ በር ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር።

«አንቱ ሰው» አለችው፣ «ምነው አንድ ቃል ብትመልሱ? ተኝቼ አልነበረም ማለት ያቅታል?»

«ተኝቼ ከነበረስ» አለ አባቴ። ሲቀልድ ነው፤ ቀልዱ ግን ለእሷ የሚጥም አልነበረም። «ይልቅ ጧፍ አዘጋጂ። ወደ እሜቴም ሰው ይላክ። ነገ ዓይኑን እገልጣለሁ።»

እኔ ይህን ስሰማ በልቤ ምን አልኩ? ይኸው፣ አሳፍሬ ቀሰቀስኩት አልኩ። ለቤተሰቤ የዋልኩትን ውለታ የሚቆጥርልኝ መጥፋቱ ነበር የከፋኝ።

የእኛ መልእክተኛ ሳይወጣ የእነሱ ገባ። ሸማው አያስፈልግም፤ በመቅደሱ ደጃፍ የሙሴው ሥዕል ይሰቀላል፤ ሠዓሊው በደህና ይረፍ፣ እንቅልፉንም ይተኛ ተብሏል። አባቴ ያበጠረውን የጠጉር ብዕር መልሶ በቀለም ቀንዱ ውስጥ ከተተ። እናቴ ሰደበች፤ ወይዘሮዪቱን መስደብ ስለማይቻል ረሺድንና ሣጥኑን ሰደበች።

«ዓይን አውጣ» አለች። «ዓይን አውጣ ሁላ።»

ይህን ስድብ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም ነበር። እፍረተ ቢስ ማለት መሆኑን የነገረኝም የለም። ቃሉን እንደ ሰማሁት ወሰድኩት፦ ሣጥኑ ዓይን ያወጣል። ስለዚህ ነዋ ዓይንሽን አትጨፍኚ ያላት፤ በተጨፈነ እንዴት አድርጎ ያወጣዋል። ሌሊቱን ዓይኔን በሁለት እጄ ይዤ አደርኩ።

በአንኮበር ጉም ወረቀት የሚያደርቅ ፀሐይ ስለሌለ፣ ሙሴው ከሣጥኑ ውስጥ መልኩ ያረፈበትን መስተዋት ይዞ ወደ አልዩ አምባ ቆላ ወርዶ ነበር። እዚያ ወረቀቱን ከመስተዋቱ ጋር አጣብቆ እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ አሰጣው፤ መልኩ ሲወጣ ለረሺድ ሰጥቶ እሱ ወደ ባሕር መንገዱን ቀጠለ። ሁለት ሳምንት አልፎ ረሺድ ዳገቱን ወጣ። ወደ ወይዘሮዪቱ ቤት በኩራት የገባው ሰው፣ ወደ እኛ ቤት ላቡ እየተንጠባጠበ መጣ።

«ተዋረድኩ» አለ፣ ገና ሳይቀመጥ። «ዘርአ ዳዊት ወንድሜ፣ በአላህ ይዤሃለሁ።»

ከደረቱ ወረቀት አወጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶግራፍ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። የቀሚሱ ጥልፍ፣ ነጠላው፣ የአንገት ማተቡ፣ ከኋላዋ ያለው የአጥር እንጨት ሳይቀር አንድ በአንድ አለ። ፊቷም አለ። ዓይኖቿ ግን የሉም። በዓይኖቿ ስፍራ የታጠበ የመሰለ ሁለት ነጭ ጭጋግ ብቻ። እኔ ጮህኩ። እናቴ በጥፊ ዝም አሰኘችኝ።

«ዝንቧ ናት» አለ ረሺድ። «ጨፈነች፣ ገለጠች፣ ጨፈነች። ሙሴው ‹ሴትዮዋ ዓይኗን አርገበገበች› አለኝ። እኔ ይህን እንዴት ብዬ እነግራታለሁ? አይታው ‹ዓይኔን ወሰደብኝ› ብላ ወደቀች። ይኸው እርጥብ ጨርቅ በዓይኗ ላይ ተደርጎ ተኝታለች። ቄሱ ጠበል ይረጫሉ። አሽከሮቹ በእኔ ላይ ዱላ ሲያነሡ፣ አፌ ያመጣልኝን ተናገርኩ።»

«ምን ብለህ?» አለ አባቴ።

«ዓይኑ ለመጨረሻ የተተወ ነው አልኩ። ሥርዓቱ ነው አልኩ። ሙሴው ‹እኔ የአገሩን ሠዓሊ ድርሻ አልነካም፤ ዓይን የሚገልጠው እሱ ነው› ብሏል አልኩ።»

አባቴ ሳቀ። ከዚያች ጠዋት ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ እስኪያስለው ሳቀ። ወይዘሮዪቱ ውሸቱን አምናው ነበር። ሁሉም አምኖ ነበር። ከጥንት የሚያውቁት ሥርዓት ስለሆነ ከውሸት ሁሉ ይበልጥ እውነት መሰላቸው።

«አያደርጉትም» አለች እናቴ። «እንጀራዎን የቀማ ወረቀት ነው። ዓይን አጥቶ ይቅር።»

«ዱላው ለእሱ ነው፣ ወለተሐና።»

«ዱላውንም ነግዶ ያተርፍበታል እሱ።»

«ኢንሻላህ» አለ ረሺድ፣ አንገቱን ደፍቶ።

አባቴ ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ ብርሃን አስጠጋው። ረጅም ጊዜ ተመለከተው። «የነጠላው እጥፋት» አለ በመጨረሻ፣ እንደ መደነቅ ብሎት፣ «እንዲህ አድርጎ መያዝ እኔ አልችልም።» ይህን ንግግሩን እናቴ እስክትሞት አልማረችለትም። ከዚያ ጥቀርሻውን በአስኳል መታው፣ ብዕሩን ያዘ፣ ተነሣ።

በወይዘሮ ይመኙሻል እልፍኝ ሰው ሞልቶ ነበር። እሷ ከአልጋዋ ላይ፣ ጨርቁ እንደ ተደረገላት፣ እጆቿ ብቻ ይታያሉ። አባቴ በርጩማ ተቀመጠ፤ ወረቀቱን በሰሌዳ ላይ አድርጎ በጉልበቱ አስደገፈ። እኔ ከረሺድ እግር ሥር ቁጢጥ ብያለሁ። የሚሆነውን አውቄዋለሁ፦ አባቴ ከወረቀቱ ላይ ዓይኗን ይመልስላታል፣ እሷም ታያለች። ይህን ተአምር ለማየት ትንፋሼን ይዤ ሳለሁ አባቴ ዓይኖቹን ጨፈነ።

«ተኛ» አለ አንዱ አሽከር በሹክሹክታ። ሌላው አፉን ይዞ ሳቀ።

እኔ ላልቅስ ልተው አላውቅ፣ ልቀስቅሰው እፈራለሁ። ከጭንቀቴ የተነሣ አቡነ ዘበሰማያትን ጀመርኩ። አባቴ ዓይኑን ገለጠ። ብዕሩ አንድ ጊዜ ወረደች፣ ነካች፣ ዞረች፣ ተነሣች፤ ደግሞ ወረደች። እኔ ሲሳየነ ሳልደርስ ብዕሩን በቀንዱ ከተተ።

ጨርቁን አነሡላት፤ ወረቀቱን ሰጧት። ተመለከተችው። በእልፍኙ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ፊቷን አያይም፤ አንገቱን ደፍቷል። እኔ ግን ልጅ ነኝና አየሁ። የወይዘሮዪቱ ዓይኖች በውኃ ሞሉ፤ ያም ለእኔ ዓይኖቿ መመለሳቸው ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች ቀስ ብላ። ቆየችና፣ «እናቴንም ትመስላለች» አለች።

ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ።

«ሠዓሊው።»

«አቤት እሜቴ።»

«በእንዲህ ያለ ቅጽበት የምትችለው ነገር ከሆነ፣ ሰባት ወር ለምን አስጠበቅኸኝ?»

አባቴ መሬት መሬት አየ። የሚመልሰው ነገር እንደሌለው ለሁሉም ግልጽ ነበር፤ ለእኔም።

«ልጅህ እውነቷን ነው» አለች።

ለረሺድ በቅሎ ተሰጠው። ለአባቴ እግዜር ይስጥልኝ ተባለ። ለእኔ፣ እውነት ስለተናገርኩ፣ ከነሰፈፉ አንድ ጉማጅ ማር ተሰጠኝ። በመንገድ ሙሉውን በላሁት፤ ለአባቴ ቅመስ አላልኩትም። ሰፈፉ እስከ ዛሬ ጥርሴ ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

ፎቶግራፉ በማርያም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ የሚገባው ሁሉ እንዲያየው፣ የምሥራቁ ፀሐይ በሚያርፍበት ስፍራ ተሰቀለ። ከደብረ ብርሃን ሳይቀር ሰው መጣ። «ወይ ሙሴው፣ ዓይን አገላለጡን ያውቅበታል» ይሉ ነበር። ነጠላውን ያደነቀ አንድም ሰው አልሰማሁም፤ ሙሴው የሠራው እሱን ነበር። ሣጥኑ ባልሠራው ተመሰገነ፣ አባቴ በሠራው ተወቀሰ። ከዚያ ወዲህ ሥዕል የሚያሠራ ሰው ወደ እኛ ቤት ሲመጣ አንድ ዓይነት ፈገግታ ይዞ ነው። «በአንድ አቡነ ዘበሰማያት እንደምትችል ሰምተናል» ይላል። «ለእኛ ሲሆን ለምን ይዘገያል?» አባቴም ከዓመት ወደ ዓመት ትናንሽ ነገር ወደ መሥራት ወረደ፤ የመጽሐፍ ሐረግ፣ የክታብ መስቀል።

ሸማውን ግን አልጣለውም። አንድ ዓርብ ጾሞ፣ እናቴ ጧፍ ይዛለት፣ ስምንቱን ዓይን ገለጠ። ከግርጌ ያለችውን ሴት ሁለት ዓይን ግን ተጨፍነው ሣላቸው። «ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ዓይን አይገለጥም» አለ። ሥዕሉን ወደ ለሚ በኩል ላለች አንዲት ድኻ ቤተ ክርስቲያን ሰጠ። እዚያ ያሉ ሰዎች ሴትዮዋን ማን እንደሆነች አያውቁም፤ ከልቧ ስለምትጸልይ ነው ይላሉ ዓይኗን የጨፈነችው።

እኔ ጥያቄውን የጠየቅሁት ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። ክፉው ቀን አልፎ፣ አባቴ ሸምግሎ፣ ሐረግ ሲጥል ከጎኑ ተቀምጬ ቀለም አቀብለው ነበር። ሰባቱን ወር ለምን እንደተኛ ጠየቅሁት። ማስመሰል ሳይሆን፣ እስከዚያ ቀን ድረስ በእውነት ተኝቶ ነበር ብዬ አምን ነበር።

«ሰባት ወር ሙሉ ከእሷ ያየሁት እግሯን ነው» አለኝ። «ስትመጣ እደፋለሁ፣ ስትሄድ እደፋለሁ። እግሯን ሣል ብትለኝ ኖሮ በማግሥቱ ባስረከብኳት። ዓይኗን ግን ከየት አባቴ ላምጣው? አንድ ጊዜ በትንሣኤ ሌሊት ከጧፍ ብርሃን ጋር ትንሽ አይቼ ነበር፤ እሱን ለማስታወስ ነበር የምጨፍነው። አልመጣ አለኝ።»

«ታዲያ በዚያ ቀን...»

«በዚያ ቀን ሙሴው ክንብንቧን አስወረደልኝ። እግዜር ይስጠው።» ብዕሩን በክንዱ ጠረገ። «አየኋት። እንዳይፈስብኝ ጨፈንኩት። ቤት ይዤው ልሮጥ ስል አንቺ ተጠየቅሽ።»

«ለምን አልነገርካትም? ለምን አስጠበቅኸኝ ስትልህ?»

«ምን ልበላት፣ አስካለ? ‹አየሁሽ› ልበላት?»

እኔም አሁን የገባኝ ይህ ነው፤ የገባኝም ዘግይቶ፣ የሚጠየቅ ሰው ሁሉ ካለፈ በኋላ። አባቴን ነፃ የምታወጣው ቃል ወይዘሮዪቱን የምታዋርድ ነበረች፤ ስለዚህ እኔ የሰጠሁትን ስም ተቀበለ። አንቀላፊ መባልን ከባለጌ መባል መረጠ። እኔ ግን ዕድሜ ልኬን ጥሩ አጮላቂ ሆኜ ኖሬያለሁ፤ በመጋረጃው ቀዳዳ ሁሉን አየሁ፤ የጎደለኝ ያየሁትን ማወቅ ብቻ ነበር።

ወይዘሮ ይመኙሻል ከሞተች በኋላ ወራሾቿ ሰው ላኩብኝ። ፎቶግራፉን ከደጃፉ አውርደውት ነበር። «ያስፈራናል» አሉ፣ «የአባትሽ ወገን ይወቀው።» ወረቀቱን ሳየው ለምን እንደፈሩ ገባኝ። ፀሐይ የሰጠውን ፀሐይ መልሶ ወስዶታል። በየማለዳው ብርሃን ሲመታው ነጠላው ሄዷል፣ ያ አባቴ ያደነቀው እጥፋት ሄዷል፣ ማተቡ፣ አጥሩ፣ ፊቱ ሁሉ ሄዷል። የቀረው ቢጫ ወረቀት ነው፤ በመካከሉ ሁለት ዓይኖች። ጥቀርሻና አስኳል አልደበዘዘም። ትክ ብለው ያያሉ፤ ሰው አንገቱን ቢደፋም ባይደፋም።

ይህ ወረቀት አሁን በአዲስ አበባ ቤቴ ከአልጋዬ ራስጌ ተሰቅሏል። ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ብርሃነ መስቀል የፎቶ ማንሻውን በአንገቱ አንጠልጥሎ መጣ። በአንድ ቀን ሠላሳ ስድስት ሥዕል አንሥቷል፤ ሠላሳ ስድስቱንም እንደ ካርታ ጨዋታ በጭኔ ላይ ዘረጋልኝ። ጥሩ ናቸው፤ ልጁ ብርሃን ያውቃል፣ የሰው አኳኋን ያውቃል፣ ለአንዷ ሥዕል ሁለት ሰዓት ደጅ መጥናቱን ነገረኝ። እኔ ደግሞ ሽሮ እንዳያርርብኝ እየሰጋሁ አንድ በአንድ ገለበጥኳቸው፤ ባቄላ የምለቅም ይመስል። «ቆንጆ ነው፣ ቆንጆ ነው» እያልኩ። አሥራ አንደኛዋ ላይ ስደርስ ቀና ብዬ ፊቱን አየሁ። ያ ፊት፣ በሸማው ፊት በርጩማ ላይ የተቀመጠው ሰው ፊት ነበር። አፍሬ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

እሱ ግን ቀድሞኝ ተስፋ ቆርጧል። ተነሥቶ ወደ ራስጌዬ ሄደ፤ ወረቀቱን ያየው ያን ቀን ገና ነው፣ ወይም በልማድ ሳያየው ኖሯል።

«አያቴ፣ ይህ እኮ ተበላሽቷል። ፊት የለውም።»

«የለውም።»

ጠጋ ብሎ ተመለከተ። ነጠላ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋዬ ላይ ተንበርክኮ ዓይኖቹን ወደ ወረቀቱ ዓይኖች አስጠጋ።

«ማን ነው ያነሣው?»

«ያነሣው አንድ ፈረንጅ ነው» አልኩት። «ዓይኑን ግን የሠራው አባቴ ነው፤ ተኝቶ።»